ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ኢንተርኔት

እትዬ ሃረገወይን ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥታለች ይባላል እንጂ እኔ አላምንም። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሳሙናው፣ ወረቀቱ፣ አምፖሉ፣ መወልወያው ሁሉ የሚወጣው በእሷ እጅ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ እንኳ እስክሪብቶ ሲያልቅበት እሷ መስኮት ላይ መጥቶ ይቆም ነበር አሉ፤ እሷም መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ያለፈውን ምን አደረጉት?» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሥልጣን ይዞ የኖረ ሰው በአንድ ኬክና በአንድ ጋቢ ተሸኝቶ ቤቱ አይገባም። እሷም እስቶሯን ይዛ ነው ጎሮ የመጣችው።

ጎሮ ያለው ቤቷ ጂ ፕላስ ዋን ነው። ከባሏ ጋር በማኅበር ተደራጅተው፣ ከአፋቸው ቀንሰው የሠሩት ቤት ነው፤ ባሏ ቀለሙ ሳይቀባ ሞተ። እሷ ምድር ቤቱ ላይ ትኖራለች፣ ፎቁን ለእንግዳ ታከራያለች። አልጋው፣ ሶፋው፣ ማብሰያው፣ የሚሞቀው ሻወር፣ አንድም የጎደለ ነገር የለም። እንግዶቹ የሚመጡት እንዲህ ያሉ ቤቶች በሚተዋወቁበት ድረ ገጽ በኩል ነው፤ ቤቱን እዚያ ላይ ያወጣላት ሐዋሳ የሚሠራው ልጇ በረከት ነው። በረከት ፎቶውን አሳምሮ አነሳና ከሥሩ «ለአየር ማረፊያው ቅርብ፣ ሃያ አራት ሰዓት ፈጣን ኢንተርኔት» ብሎ ጻፈ። ቅርብ የተባለው መንገዱ ካልተዘጋ ነው፤ ያልተዘጋበትን ቀን እኔ አላስታውስም። ኢንተርኔቱ ግን የምር ፈጣን ነው። ችግሩ ያለው እናቱ ጋ ነው።

ራውተሩን የገጠመው ልጅ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሄዶ ነበር። እትዬ ሃረገወይን በማግስቱ አወረደችው። ግድግዳ ላይ የዋለ ንብረት የማንም እጅ የሚያርፍበት ንብረት ነው አለች። ወስዳ ቡፌዋ ውስጥ፣ ሰው ጠጥቶባቸው በማያውቅ ስኒዎች መሃል አስቀመጠችው። አቧራ እንዳይነካው ነጭ ዳንቴል አለበሰችው። ከዚያ የቡፌውን መስታወት ቆለፈችና ቁልፉን ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ አሠረችው። በረከት መጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ፤ ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ፎቅ ድረስ እንደማይደርስ ቢነግራትም አልሰማችውም። ቢቸግረው ኢንተርኔቱን ፎቅ ድረስ የሚያደርስ አንድ መሣሪያ ገዝቶ ደረጃው ጫፍ መስኮቱ ላይ ገጠመ። ያ መስኮት የሚያየው የጎረቤቷን ግቢ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ከራሷ ኩሽና ይልቅ ጎረቤት ግቢ ይበረታ ጀመር። ይህን እሷ አታውቅም። ብታውቅ መስኮቱን በብሎኬት ታስደፍነው ነበር።

እንግዳ ኢንተርኔት ሲፈልግ ከፎቅ ይወርድና ሳሎኗን ያንኳኳል። እሷም ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ትጠይቃለች።

«ለምን ጉዳይ ነው?»

ለሥራ ነው ያለ ይከፈትለታል፤ ሲጨርስ ግን እንድታጠፋው ተመልሶ ወርዶ መጨረሱን መናገር አለበት። መዝሙር ልሰማ ነው ያለ ሌላ ጥያቄ የለበትም። ተስፋማርያም የሚባል ከደብረ ብርሃን የመጣ መሐንዲስ ኳስ ሊያይ ፈልጎ ቢጠይቃት «ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አለ፣ ከሰው ጋር ብታየው አይሻልህም?» ብላ ሸኘችው። ለጫጉላ የመጡ ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወርደው ሲጠይቋት ደግሞ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ገና መጋባታችሁ ነው፣ ኢንተርኔት ምን ያደርግላችኋል?» አለቻቸው። ሙሽራው ሣቀ። ሙሽሪት ግን በማግስቱ ሌላ ቤት አገኘች።

ንፉግ ናት እንዳትሉ። እንግዳ ሳይበላ ከቤቷ አይወጣም፤ ቁርሱ በዋጋው ውስጥ ባይኖርም ገንፎውን አገንፍታ ደረጃውን ወጥታ ታደርስለታለች። ጉንፋን ከያዘው ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች። የተነቀለ የሸሚዝ ቁልፍ ካየች አውልቅ ብላ ትተክላለች። እጇ የማይፈታው ለዚያ ራውተር ብቻ ነው። አረንጓዴ መብራቱ ሲርገበገብ ካየች የሆነ ነገር እየወጣ፣ እየጎደለ ይመስላታል። በረከት «እማዬ፣ ገደብ የለውም እኮ፣ ቢጠቀሙበትም ባይጠቀሙበትም ያው ነው» እያለ ስንት ጊዜ አስረድቷታል። እሷ ደግሞ ገደብ የሌለው ንብረት በሥራ ዘመኗ አይታ አታውቅም፤ ካለም አስረካቢው ሌባ ነው ትላለች።

የእኛ አገር እንግዳ ደግሞ ፊት ለፊት አይናገርም። በልቶ፣ አመስግኖ፣ ተሳስሞ ይሄድና ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። «እመቤቲቱ እናት ናት፣ ኢንተርኔቱ ግን በደጅ ጥናት ነው» ብሎ የጻፈው ያ መሐንዲስ ነው። ሌላዋ «ለኢንተርኔት ምክንያት አዘጋጅታችሁ ሂዱ» ብላ ጻፈች። እንዲህ እንዲህ እያለ ተጠራቀመና በመጨረሻ ድረ ገጹ ለበረከት ማስጠንቀቂያ ላከ፤ በኢንተርኔት ጉዳይ አንድ ቅሬታ ከተደገመ ቤቱ ከድረ ገጹ ይወርዳል።

በረከት በዚያው ሳምንት ከሐዋሳ መጣ። ቤቱ ከወረደ ፎቁ ባዶውን ይቀራል፤ ጡረታዋ ደግሞ ዘይት ገዝቶ መብራት አይከፍልም። ይህን እሷም አላጣችውም። ግን የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም። እንግዳ ከቀረ ደረጃውን ወርዶ የሚያንኳኳው ማን ነው? «እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ» የሚላት ማን ነው? ያለ እንግዳ እሷም እንደኛ እንደማንኛችን የሰፈር ሴትዮ መሆኗ ነው፤ ይህ ነው ያስፈራት። በረከት ኪዳነምሕረትን አስጠርቶ አስማላት፦ ራውተሩን አትነካም፣ አታጠፋም፣ ለምን ብላም አትጠይቅም። ማለች። ቁልፉን አምጪ ሲላት ግን አልሰጠችውም።

ከመሐላው በኋላ የመጀመሪያዋ እንግዳ ሀጀር ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ሂሳብ ትሠራለች፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ኮምፒውተሯ ላይ ትውላለች። ፎቁን ለአንድ ወር ያዘችው። ቤቱ የሚወድቀውም የሚተርፈውም በእሷ ቃል ስለነበረ እትዬ ሃረገወይን እንደ ኦዲተር ታያት ጀመር። መቼም ሰው እንዲያ ሲሰቃይ አይቼ አላውቅም። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ መብራቱን ታያለች፣ ትተነፍሳለች፣ መልሳ ታለብሰዋለች። አንድ ቀን ቤቷ ብገባ የምትወደውን ድራማ ትታ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

«ምነው እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አልኳት።

ጣቷን ወደ ፎቁ ቀሰረች። «ላይ ያለችው በጣም እየወሰደች ነው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እንኳ ልቆጥብ ብዬ ነው።»

ቴሌቪዥኗ የሚሠራው በዲሽ ነው። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ማን ከእሷ ጋር ይከራከራል?

ሀጀር ይህን ሁሉ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ወተት ከጎረቤት፣ ከእማማ ደሪቱ ትገዛለች፤ እሳቸውም የአባባ ጃራ ሚስት ናቸው። ሰፈሩ ብሎኬት ሳይደረደርበት በፊት የአባባ ጃራ የጤፍ መሬት ነበር። መሬቱ ሄዶ ሄዶ አንዲት የቆርቆሮ ቤትና ሁለት ላም ቀሩላቸው። የእትዬ ሃረገወይን ቤት የተሠራው አውድማቸው ላይ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር በሯ ላይ ቆመው «አውድማዬ እንዴት አደረ?» ይሏታል። «ደህና አድሯል አባባ፣ ይግቡ» ትላቸዋለች። ይገባሉ፣ ይበላሉ፣ ይሥቃሉ። ቂም ነበራቸው ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ ቢኖራቸውም ከእህሉ ጋር ይውጡት ነበር።

ልጃቸው ቢሊሴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። እናትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ነው፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ በሞባይል ዳታ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እማማ ደሪቱ የልጃቸውን ግንባር ብቻ አይተው የሚውሉበት ቀን ነበር። ሀጀር ይህን አየችና አንድ ቀን ስልኳን በሁለቱ ግቢ መሃል ባለው ግንብ ላይ አቀበለቻቸው። በእትዬ ሃረገወይን ኢንተርኔት ቢሊሴ ከነሣቋ፣ ከነጥርሷ ወለል ብላ ታየች። እማማ ደሪቱ ከዚያን ቀን ወዲህ የወተት ሂሳብ አልቀበልም አሉ። እንዲህ ሆኖ ወተቱም ኢንተርኔቱም በግንቡ ላይ ይመላለስ ጀመር፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲያውቅ ባለቤቲቱ ብቻ አላወቀችም።

አባባ ጃራ አንድ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሆነ። ቢሊሴ ማዳሟን ለምና ነበር፤ አልለቅሽም አለቻት፣ ብትለቃትም አትደርስም። ስለዚህ ሀጀር ሥራዋን አቋርጣ ስልኳን ይዛ ለቅሶ ቤት ገባች፤ ልጅቷ ሌላው ቢቀር አባቷ ከቤታቸው ሲወጡ ታይ ብላ ነው። ለቢሊሴ የቀረላት ይኸው ብቻ ነበር።

እትዬ ሃረገወይን የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ድስቱንና ወንበሩን አውጥታ፣ ድንኳኑን አስተክላ ስታበቃ ሰፈሩን መዞር ጀመረች። ጎረቤት ሲሞት ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ዘፈን አይሰማም፤ የቆየ ወጋችን ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። እሷ ግን ወጉን እንደ መመሪያ ታስፈጽመዋለች። ጅምር ሕንጻው ላይ የሚሠሩትን ግንበኞች ሙዚቃቸውን አስዘጋች። ባለ ሱቁን ሃይደርን ስፒከርህን ዝጋ አለችው።

«እትዬ፣ ዜና ነው እኮ» አላት።

«ዜናው እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሄደህ ስማ» አለችው።

መቼም አነጋገሩን ታውቅበታለች። ሃይደር ስፒከሩን ዘግቶ ነጠላ ጫማውን በጫማ ቀይሮ ለቅሶ ቤት ገባ።

አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ነጠላዋን ልትቀይር ቤቷ ገባች። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችን ኋላ ራሷ ናት። ጥቁሩን ነጠላ ደርባ ዞር ስትል፣ ቡፌው ውስጥ አረንጓዴው መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳ ይርገበገባል። ደነገጠች። ሰፈሩን ሁሉ አስዘግታ የራሷ ቤት ክፍት ነው ለካ። ዘፈኑም ፊልሙም የሚመጣው በዚሁ አይደል? ሰው ገብቶ ቢያይ ምን ይላል? ሀጀርም ቤት የለችም። መሐላውም ቢሆን ኪዳነምሕረት ለቅሶ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ይህን ሁሉ አሰብኩ ነው የምትለው። እኔ ግን ጣቷ ከሐሳቧ ቀድሞ ቁልፉን እንደጨበጠ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ያን ሁሉ ቀን እጇን ሲያሳክካት ለከረመው ነገር ሟቹ ምክንያት ሆኑላት። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ? ቡፌውን ከፈተች፣ ራውተሩን ከሶኬቱ ነቀለች፣ መብራቱ ድርግም ሲል አየች፣ መልሳ ቆለፈች። ከዚያ ተቀምጣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣች። እፎይ እንዳለች አልደበቀችንም።

በዚያች ደቂቃ ውጭ አስከሬኑ ወጣ። ሀጀር ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ከእማማ ደሪቱ አጠገብ ቆማለች። ቢሊሴ የሰው አገር ማድ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ማዳሟ እንዳትሰማት አፏን በሻርፗ አፍና ታያለች። አልቃሾቹ «ቢሊሴ፣ ነይ አባትሽን ሸኚ» እያሉ ወደ ስልኩ ዞረው ደረታቸውን ይመታሉ። አስከሬኑ የቆርቆሮውን በር ሲያልፍ ምስሉ ቀጥ አለ። ቢሊሴ ሻርፗ አፏ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ኔትወርክ ነው» አለ አንዱ።

«ኔትወርክ ነው» አልን ሁላችንም። በዚህ ከተማ ባለቤት ያጣ ጥፋት ሁሉ ለእሱ ነው የሚሰጠው። ሀጀር በሞባይል ዳታ ሞከረች፤ አንዴ የቢሊሴ ድምፅ ብቅ አለና ጠፋ።

ያን ጊዜ ተሸካሚዎቹ ወደ አስፋልቱ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ቀኝ ዞሩና አስከሬኑን እትዬ ሃረገወይን በር ላይ አሳረፉት። ኑዛዜያቸው ይሁን የወንድሞቻቸው ሐሳብ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ማንም ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ አውድማቸው እንደነበረ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። ጩኸቱ ቆመ። ቄሱ በለሆሳስ ጸሎት አደረሱ፣ ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፣ እማማ ደሪቱ የብረት በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ብዙ ቀብር ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አልሰማሁም። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ከዚያ አንስተው ሄዱ። እትዬ ሃረገወይን ከበሩ በስተጀርባ ሳሎኗ ውስጥ ነበረች። ጩኸቱ ጸጥ ሲል አልፈው የሄዱ መስሏት ብርጭቆዋን አጥባ፣ ቤቷን ቆልፋ ስትወጣ ሰው አስፋልቱ ጋ ደርሷል፤ ሮጣ ተቀላቀለች። ሁላችንም ያየች መስሎን ነገሩን ማንም አላነሳባትም።

ከቀብር መልስ ሀጀር ፎቁ ላይ ኢንተርኔት አጣች። ወርዳ አንኳኳች።

«እትዬ፣ ራውተሩ ጠፍቷል እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ። ለቅሶ ነው እኮ። ጎረቤት ሞቶ ኢንተርኔት አይከፈትም።»

«መቼ ነው ያጠፉት?»

«አስከሬኑ ሲወጣ።»

«ቢሊሴ በእሱ ነበር የምታየው» አለች ሀጀር። «የአባቷን መውጣት በእርስዎ ኢንተርኔት ነበር የምታየው።»

እትዬ ሃረገወይን መጀመሪያ አልገባትም፤ የእኔ ኢንተርኔት ጃራ ቤት ምን ይሠራል አለች። ሀጀር የመስኮቱንም የግንቡንም ነገር ነገረቻት። ሲገባት ቁልፉን ከአንገቷ ማውጣት አቃታት፣ ከመስቀሉ ክር ጋር ተጠላልፎባት ስትታገል ሀጀር ናት ያገዘቻት። ቡፌውን ከፍታ ሰካችው። መብራቱ መጣ። ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

«እንዳትጽፊብኝ።»

ይህን ሀጀር ስትነግረኝ ደሜ ፈላ፤ ዛሬም ይፈላል። ሰው አባቱን መሸኘት ቀርቶበት እሷ የምታስበው ስለ ቤቷ ነው። ሀጀር ግን አልተቆጣችም።

«ስለ እኔ አያስቡ» አለቻት። «ቢሊሴ ኔትወርክ ነው ብላ ነው የምታስበው። እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።»

እትዬ ሃረገወይን እሺ አለች። በልቧ ግን ሌላ ነገር ነው የመዘነችው። ከነገረች ሰፈሩ ይሰማል፣ ከተሰማ ይጻፋል፣ ከተጻፈ ቤቱ ይወርዳል። ዝም ካለች ደግሞ ሀጀር ጨዋ ልጅ ናት፣ ነገሩ እያደር ይረሳል። ዝም አለች።

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እማማ ደሪቱ ቤት ተሰበሰብን። ቢሊሴ ደወለች፤ ሀጀር ስልኩን ይዛላት ሁላችንንም በየተራ አሳየቻት። ልጅቷ ፊቷ አብጦ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ እንዴት ወጣ?» አለች። «በሩን ሲያልፍ ነው የተቋረጠብኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነ?»

እማማ ደሪቱ እጃቸውን አወዛወዙ። «እኔ አልችልም፣ ሃረገ ትንገርሽ። እሷ አፍ አላት።»

ሰው ሁሉ ለእትዬ ሃረገወይን ቦታ ለቀቀላት። ወደ ስልኩ ተጠግታ ነጠላዋን አስተካከለች። ሀጀር በስልኩ ጫፍ በኩል አየቻት። እንግዲህ የምትናገርበት ሰዓት ቢኖር ያ ነበር። ያቺ ልጅ እዚያ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ስልኩን የያዘችው ደግሞ ቤቱ የሚወርደውም የማይወርደውም በቃሏ የሆነችው እንግዳ ናት።

«ልጄ» አለች እትዬ ሃረገወይን፣ «አባትሽ እንደ ንጉሥ ነው የወጡት።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ማደርም አላስፈለገው። ተሸካሚው እየተሻማ፣ መሬት አንዴ እንኳ ሳያስነኳቸው፣ ከደጃቸው ቀጥ ብለው በአስፋልቱ ቤተ ክርስቲያን አደረሷቸው አለች። «እኔ ከአጠገባቸው አልተለየሁም፤ እጄን ሣጥኑ ላይ እንዳደረግኩ ነው የሄድኩት።» ቢሊሴ እያለቀሰች «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች። እኛ ግን አንድ በአንድ ቀና ቀና ማለት ጀመርን። ሃይደር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃረገ» አሉ እማማ ደሪቱ። «አንቺ ደጅ አላረፈም እንዴ?»

«እኔ ደጅ?»

«አውድማው ላይ። አሳርፈውት ቄሱ ጸለዩለት እኮ። በርሽን ዳስሼው ነው የሄድኩት። አላየሽም?»

ከስልኩ ውስጥ የቢሊሴ ድምፅ መጣ። «አውድማው ላይ አሳረፉት?» አለች። ከዚያ እንደ አዲስ አለቀሰች፤ አሁን አፏን የምታፍንበትን ሻርፕ ረስታዋለች። እናቷ ዝም እስክትል ጠበቁና ፊታቸውን ወደ እትዬ ሃረገወይን መለሱ።

«የት ነበርሽ?»

«ቤት።»

«ምን ስታደርጊ?»

ነጠላ ስቀይር ብትል ያልቅ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ማንም ሌላ አይጠይቃትም ነበር። ሀጀር ወደ መሬት አቀርቅራለች። እኔ ውሸቱን እየጠበቅኩ ነበር፤ እንደማታጣው አውቃለሁ። እትዬ ሃረገወይን ግን በሯን የዳሰሰውን የእማማ ደሪቱን መዳፍ ታይ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኗን ከዚያ አላነሳችም።

«ኢንተርኔቱን እያጠፋሁ ነበር» አለች።

ገሚሱ ሰው አልገባውም። የገባን ሰዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ከዚያ ያንኑ አመሏን ይዛ ጨመረችበት፤

«ለአባትሽ ክብር ብዬ ነው።»

ምስሉ እንደገና የደረቀ መስሎኝ ነበር፤ ግን የቢሊሴ ዓይን ይርገበገባል። ስትናገር ድምፅዋ አልጮኸም።

«እትዬ ሃረገ» አለች፣ «አሁንስ ሊያጠፉት ነው? ለእማዬ ያልነገርኳት ነገር አለ።»

እማማ ደሪቱ ስልኩን ከሀጀር እጅ ተቀብለው ጀርባቸውን ሰጡንና ከልጃቸው ጋር በኦሮምኛ ማውራት ጀመሩ። እኛም አንድ በአንድ ተነስተን ወጣን። እትዬ ሃረገወይንን ተነሺም ተቀመጪም ያላት ሰው የለም።

ሀጀር ወሯን ጨርሳ ስትሄድ እትዬ ሃረገወይን ስንቅ ቋጥራ ሰጠቻት፤ ልጅቷም ስማት፣ አመስግናት ሄደች። በሳምንቱ የጻፈችው ድረ ገጹ ላይ ወጣ። «ቤቱ ንጹሕ ነው። ገንፎው ግሩም ነው። ጎረቤቶቹን የመሰለ ሰው የትም አላገኘሁም። ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ቁልፉ ከሰው አንገት ላይ ነው።» ይኸው ነው፤ አንድ የስድብ ቃል የለበትም። ቤቱ ግን ወረደ።

በረከት የዚያን ቀን ከሐዋሳ ሲደውል እኔ ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የልጁ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማል።

«እማዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው? ምለሽልኝ አልነበር? ምን ተፈጠረ?»

እትዬ ሃረገወይን ዞር ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«ለቅሶ ነበረብን» አለችው።